ስለ ገጠር ግቢ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አሠራርና ስለ ምንጭ ውኃ አጠባበቅ

በገጠር ትምህርት ቤት ሲሠራ አስቀድሞ የሚታሰበው የመማሪያው ክፍል ነው፤ ቀጥሎ የመምህራኑ መኖሪያ ይታሰባል፤ ከሁሉ በኋላ፣ ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል፣ የመጸዳጃ ቤቱ ነገር ይነሣል። ጕድጓዱም ብዙ ጊዜ ለቈፋሪው በቀለለው ስፍራ ይቈፈራል። ነገር ግን ከነዚህ ሥራዎች ሁሉ፣ ቦታው የተሳሳተ እንደ ሆነ ለማረም እጅግ የሚያስቸግረው ይኸው በመጨረሻ የታሰበው ነው። ግድግዳ ቢጣመም ፈርሶ ይሠራል፤ ጣራ ቢያፈስ ይደፈናል፤ ከምንጭ በላይ የተቈፈረ የፍሳሽ ጕድጓድ ግን ጉዳቱ ለዓይን ሳይታይ በመሬት ውስጥ ሄዶ ሕፃናት በሚጠጡበት ጽዋ ይገኛል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው፣ ውኃ ባለበት የገጠር ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ የሚባለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ እንዴት እንደሚታቀድ ነው። ለምሳሌ የምንወስደውም በትምህርት ቤት ግቢ የሚኖሩ የሁለት መምህራን ቤተ ሰቦች፣ በጠቅላላው 12 ሰዎች ናቸው። አንባቢ ከሁሉ አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ታንኩ የሥራው እኩሌታ ብቻ መሆኑ ነው። የቀረውን እኩሌታ የምትሠራው መሬት ናት። ስለዚህ መሬቷን ሳይመረምር ታንክ የሚገነባ ሰው የሥራውን እኩሌታ ትቶታል።

የቈሻሻ ጕድጓድ ከውኃ ጕድጓድ ጋር ሲጎራበት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባለው መንገድ አካባቢ የኮሌራ በሽታ ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያን ዘመን ብዙዎቹ ሐኪሞች በሽታው ከክፉ አየር የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ከአንድ የእጅ ፓምፕ ውኃ የሚቀዱ ሆነው አገኛቸው። እርሱ ባቀረበው ማስረጃም የፓምፑ እጀታ በሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ።

በኋላ ስፍራው ተቈፍሮ ሲመረመር፣ ከውኃው ጕድጓድ አንድ ሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት አንድ የቈሻሻ ጕድጓድ ተገኘ፤ ጡቡ ተበልቶ ፍሳሹ ወደ ውኃው ይሰርግ ነበር። በዚያው ቤት በተቅማጥ የሞተች የአንዲት ሕፃን ልብስ የታጠበበት ውኃ የሚደፋው በዚሁ የቈሻሻ ጕድጓድ ነበር። የፓምፑ ውኃ ግን ለብዙ ሰው የጠራና የጣፈጠ መስሎ ይታየው ነበር። እንግዲህ ውኃ ሲጠራ ማየት ንጹሕ ለመሆኑ ምስክር አይሆንም።

ኮሌራ ብቻ አይደለም፤ ታይፎይድ፣ ብዙው ዓይነት ተቅማጥ፣ ወስፋትም ከሰው ዓይነ ምድር ወጥተው በውኃ፣ በእጅና በምግብ ወደ ሰው አፍ የሚመለሱ ናቸው። በሜዳ በተጣለ ዓይነ ምድር ላይ የሚራባው ዝንብ ደግሞ የዓይን ማዝ የሆነውን ትራኮማን ከልጅ ወደ ልጅ ያመላልሳል።

የታንኩ ጠባይ በጠላ ጋን ምሳሌ

በፈረንሳይ አገር በቬዙል ከተማ ሉዊ ሙራስ የተባለ ሰው በ1860 ዓ.ም. ገደማ ለቤቱ የተዘጋ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አሠርቶ ነበር፤ በ1881ም የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። በእንግሊዝ አገር በኤክሰተር ከተማ ዶናልድ ካሜሮን የተባለው መሐንዲስ በ1895 ይህን የመሰለ ሠርቶ «ሴፕቲክ ታንክ» ብሎ ሰየመው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «ሴፕቲክ» የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የሚያበሰብስ ማለት ነው።

አሠራሩን ለመረዳት ወደ ጓዳ ገብቶ የጠላ ጋን ማየት ይበቃል። ጠላ ተጠንስሶ ሲሰነብት ከታች አተላው ይዘቅጣል፤ ከላይ ገለባውና አረፋው ይንሳፈፋል፤ ከመካከል የጠራው ይቀዳል። ጋኑን የነቀነቀ ሰው ግን ጉሽ ይቀዳል። በታንኩም እንዲሁ ነው። ከባዱ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ቅባትና ቀላል ነገር ከላይ ይንሳፈፋል፤ የመካከሉ ውኃ በመውጫው ቱቦ ይሄዳል። በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያንም ያለ አየር እየሠሩ አተላውን ያበሰብሱታል፤ ከፊሉም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ ተሕዋስያን ከዓይነ ምድሩ ጋር አብረው ስለሚገቡ፣ እርሾም ሆነ ሌላ መድኃኒት መጨመር አያስፈልግም። ታንኩ ከልክ በታች ካነሰ ግን የሚገባው ውኃ እንደ ተነቀነቀ ጋን ያደርገዋል፤ ጉሹም ወጥቶ መሬቱን ይደፍናል።

ከታንኩ የሚወጣው ውኃ ምንም ቢጠራ ንጹሕ አይደለም። የበሽታው ዘር አሁንም በውስጡ አለ። ያን ዘር የሚያስቀረው፣ ውኃው ቀስ ብሎ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አፈሩ እንደ ጠላ ማጥለያ ሆኖ ሲይዘው፣ በአፈሩ ያሉትም ተሕዋስያን ሲያጠፉት ነው። ስለዚህ የታንክን ፍሳሽ ወደ ወንዝ፣ ወደ መንገድ ቦይ ወይም ወደ ጎረቤት ማሳ መልቀቅ ከቶ አይገባም።

ታንክ የሚገባበትና የማይገባበት ቦታ

ሴፕቲክ ታንክ ውኃ ይፈልጋል። ልጃገረዶች ከሩቅ ምንጭ በእንስራና በጀሪካን የሚያመጡትን ውኃ ወደ መጸዳጃ ማፍሰስ ብልኅነት አይደለም። እንዲሁም ሰዎች በድንጋይ፣ በቅጠል ወይም በቈሮቈንዳ የሚጠራረጉ ከሆነ ቱቦው ወዲያው ይደፈናል። እንዲህ ባለው ስፍራ የሚሻለው ደረቅ መጸዳጃ ነው፤ ይኸውም ክዳን ወይም በጫፉ የዝንብ ወንፊት የታሰረበት የአየር ቱቦ ያለው ጕድጓድ ነው። ለብዙ መቶ ተማሪዎችም የቧንቧ ውኃ በሌለበት ትምህርት ቤት ደረቁ ይመረጣል። ታንክ የሌለው መንደር ኋላ የቀረ አይደለም፤ ለቦታው የማይስማማውን የሠራ ግን ገንዘቡንም ጤናውንም ያጣል።

ስለ መሬት ፈተና

የአፈር ጠባይ በዓይን ብቻ አይፈረድም። ቀይ አፈር ብዙ ጊዜ ውኃ ያሳልፋል። ጥቁሩ መረሬ ወይም ዋልካ ግን በክረምት አብጦ ውኃ አያሳልፍም፤ በበጋም ተሰነጣጥቆ የታንክ ግድግዳ ሳይቀር ይሰብራል። ስለዚህ የሚከተለው ፈተና ይደረጋል።

ፍሳሹ እንዲሰርግበት በታሰበው ስፍራ፣ ቢያንስ በ3 ቦታ፣ ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጕድጓድ ይቈፈራል። ዶማው ያለሰለሰው የጎኑ አፈር በቢላ ይፋቅ፤ ከወለሉም 5 ሳንቲሜትር ጠጠር ይደረግ። ከዚያ በኋላ 30 ሳንቲሜትር ያህል ውኃ ይሞላና፣ ሲጎድል እየተጨመረ ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፤ ሌሊቱንም ይደር። ይህ የሚደረገው አፈሩ በክረምት እንደሚሆነው ጠግቦ እንዲፈተን ነው። በማግሥቱ ከጠጠሩ በላይ 15 ሳንቲሜትር ውኃ ይጨመርና በየ30 ደቂቃው ስንት ሳንቲሜትር እንደ ጎደለ በማስመሪያ ይለካ፤ ሲጎድልም እንደ ገና ይሞላ። መጠኑ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይደጋገማል፤ የሚያዘውም የመጨረሻው ልክ ነው።

ውኃው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ለመጉደል ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት መሬቱ አይቀበልም፤ ቦታ ይለወጥ፤ ሌላ ቦታ ከሌለም ከመሬት ከፍ ተደርጎ የተሠራ ደረቅ መጸዳጃ ይሻላል። ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከጎደለ ደግሞ ውኃው ሳይጣራ ስለሚያልፍ ይህም አይሆንም። በመካከሉ የሆነው ለሥራ ይበቃል።

ከዚህ በቀር 2 ሜትር ተኩል የሚጠልቅ አንድ ሌላ ጕድጓድ በክረምቱ መጨረሻ፣ በነሐሴ ወይም በመስከረም፣ ይቈፈር። በዚያ ጕድጓድ ውኃ ቢፈልቅ ወይም ዓለት ቢገኝ ቦታው አይሆንም። በፍሳሹ ቦይ ወለልና ከመሬት በታች ባለው ውኃ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል ደረቅ አፈር መኖር አለበትና። በበጋ ብቻ የፈተነ ሰው መሬቱ በክረምት ምን እንደሚሆን አላወቀም።

ስለ ርቀት

ታንኩ ከምንጭና ከውኃ ጕድጓድ ቢያንስ 15 ሜትር፣ ፍሳሹ የሚሰርግበት ቦይ ደግሞ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ሁለቱም ከውኃው በታች በኩል ይሁኑ እንጂ በላይ አይሁኑ። ቦዩ ከቤት መሠረት 5 ሜትር ያህል ይራቅ። ይህ ርቀት የጎረቤትንም ምንጭ የሚመለከት ነው፤ ውኃ የአጥር ወሰን አያውቅምና። ሥሩ የተሰነጠቀ ዓለት በሆነበት አገር ፍሳሽ በስንጥቁ ሩቅ ስለሚሄድ 30 ሜትር እንኳ አይበቃም፤ በእንዲህ ያለው ቦታ የወረዳውን የውኃና የጤና ባለሙያዎች ሳያማክሩ መቈፈር አይገባም።

ስለ ታንኩ ልክ

ስሌቱ ቀላል ስለ ሆነ መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሒሳብ ማስተማሪያ ሊያደርጉት ይችላሉ። አንድ ሰው ለመጸዳጃና ለመታጠቢያ በቀን 40 ሊትር ውኃ ያፈስሳል ብንል፣ 12 ሰዎች በቀን 480 ሊትር ያፈስሳሉ። ውኃው እንዲረጋ የ3 ቀን ቦታ እንስጠው፤ ይህ 1440 ሊትር ይሆናል። አተላው ለአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ቢታሰብ፣ የ12 ሰዎች የ2 ዓመት አተላ 960 ሊትር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 2400 ሊትር፣ ማለት 2.40 ሜትር ኩብ ይሆናሉ።

ስለዚህ የታንኩ ውስጥ ርዝመት 2 ሜትር፣ ወርዱ 1 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 1.20 ሜትር ቢሆን ልኩ ይሞላል። ከውኃው በላይ ለተንሳፋፊውና ለአየር 30 ሳንቲሜትር ስለሚተው የውስጡ ቁመት 1.50 ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ የወርዱ እጥፍ መሆኑ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲሄድ ነው። ታንኩ በግድግዳ ለሁለት ይከፈል፤ የመጀመሪያው ክፍል ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛውን ይያዝ። ውኃው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቀዳዳም ከውኃው ጥልቀት እኩሌታ ላይ ይሁን፤ በዚያ ስፍራ አተላም ተንሳፋፊም አይገኝምና። የሰው ቍጥር ቢለወጥ ስሌቱ እንደዚሁ ነው። የዝናብ ውኃ ግን ከስሌቱ ውጭ ስለ ሆነ ከጣራ የሚወርደው ወደ ታንኩ አይግባ።

ስለ ግንባታው

ወለሉ 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተገነባ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ሆኖ ውስጡ በሚገባ ይለሰን። ከቤት የሚመጣው ቱቦ አፉ 10 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ሆኖ በየሜትሩ 2 ሳንቲሜትር ያህል ያዘቅዝቅ። የመግቢያው ቱቦ ከመውጫው 7 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ይበል። በመግቢያውም በመውጫውም በቲ ቅርጽ የተሠራ መገጣጠሚያ ይደረግ፤ የታችኛው አፉ በመግቢያው 30፣ በመውጫው 40 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውኃው ይጥለቅ። ይህ ከላይ የተንሳፈፈው ቅባት ወደ ቦዩ እንዳያመልጥ ይከለክላል። ለጋዙ መውጫ የሚሆን ቱቦ፣ ጫፉ በወንፊት የተሸፈነ፣ ከቤቱ ጣራ በላይ ይውጣ።

ክዳኑ ብረት ያለበት ኮንክሪት ይሁን። በየክፍሉ ላይ የሚከፈት መፈተሻ ይኑረው፤ መፈተሻውም ሕፃን ሊያነሣው የማይችል ከባድ ይሁን። ሥራው ሲፈጸም ታንኩ በንጹሕ ውኃ ተሞልቶ አንድ ቀንና ሌሊት ይቆይ፤ ውኃው ከጎደለ ግድግዳው ያፈስሳል ማለት ነውና ሳይታረም አይከደን።

ስለ ማስረጊያው ቦይ

ከታንኩ የወጣው ውኃ ወደ መሬት የሚገባበት ቦይ ልኩ ከፈተናው ይወጣል። በፈተናው 2 ሳንቲሜትር ተኩል ለመጉደል 25 ደቂቃ ያህል የፈጀበት መካከለኛ አፈር፣ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 25 ሊትር ይቀበላል ብሎ ማሰብ ይቻላል። 480 ሊትር ለ25 ሲካፈል 19 ካሬ ሜትር ከጥቂት ይሆናል፤ 20 እንበለው። በቦዩ ውስጥ ከቱቦው በታች ያለው ጠጠር ግማሽ ሜትር ቢጠልቅ፣ ሁለቱ ጎኖች በአንድ ሜትር ርዝመት 1 ካሬ ሜትር ይሰጣሉ። ወለሉ ከጊዜ በኋላ ስለሚደፈን አይቈጠርም። ስለዚህ 20 ሜትር ቦይ፣ ማለት እያንዳንዳቸው 10 ሜትር የሆኑ ሁለት ቦዮች ያስፈልጋሉ።

ቦዮቹ ወርዳቸው ግማሽ ሜትር፣ ጥልቀታቸው 1 ሜትር፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት 2 ሜትር ይሁን። በተዳፋት ላይ እንደ እርከን ዳገቱን አቋርጠው ይሂዱ እንጂ ቍልቍል አይውረዱ። ቀዳዳ ያለው ቱቦ በታጠበ ጠጠር ላይ ይዘርጋ፤ በላዩም ጥቂት ጠጠር፣ ቀጥሎ ሣር ወይም ጭድ፣ ከዚያም አፈር ይደረግ፤ ሣሩ የላዩ አፈር ወደ ጠጠሩ እንዳይገባ ይከለክላል። በቦዩ ላይ ሣር ይብቀልበት፤ መኪናና ከብት ግን አይሂዱበት። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግቢ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ሥሩ ውኃ ፍለጋ ቱቦውን ስለሚሰብር በአጠገቡ አይተከል። ይህ ቦይ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢደክም የሚተካበት ያህል መሬትም ባዶውን ይጠበቅ።

ስለ ጥበቃው

ጨርቅ፣ አመድ፣ የወጥ ቤት ቅባትና ብዙ በረኪና ወደ ታንኩ አይጣሉ። በየዓመቱ በጫፉ ነጭ ጨርቅ የተጠመጠመበት ረጅም እንጨት በመፈተሻው ወደ ወለሉ ይላክ፤ ጨርቁን ያጠቈረው የአተላው ልክ ነው። አተላው የውኃውን ጥልቀት ሢሶ፣ ማለት 40 ሳንቲሜትር፣ ሲደርስ ታንኩ ይጠረግ። በደጋ አገር ብርዱ መበስበስን ስለሚያዘገይ ልኩን ከመውሰድ መስነፍ አይገባም።

ለመጥረግ ወደ ታንኩ ሰው አይግባ። በውስጡ የተጠራቀመው ጋዝ ሰውን በጥቂት ትንፋሽ ይጥላል፤ ሲበዛም የማሽተትን ኃይል ስለሚያጠፋ «አይሸትም» ማለት ደኅንነት አይደለም። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ሊያነሣው ገብቶ፣ ሦስተኛውም ተከትሎ፣ ከአንድ ቤት ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው። ጋዙ በእሳትም ይቀጣጠላልና ክብሪትና ፋኖስ አይቅረቡ። የመምጠጫ መኪና በማይደርስበት አገር አተላው ከውጭ ሆኖ ረጅም እጀታ ባለው ባልዲ ይውጣ፤ ሠራተኛው ጓንትና ቦቲ ጫማ ያድርግ፤ ሲጨርስም በሳሙና ይታጠብ። አተላውም ከውኃ ርቆ በተቈፈረ ጕድጓድ ተቀብሮ ግማሽ ሜትር አፈር ይልበስ። የወስፋት እንቍላል በአፈር ውስጥ ረጅም ጊዜ ስለሚኖር፣ 2 ዓመት ሳያልፍ በዚያ ስፍራ አትክልት አይተከል።

ለሽማግሌዎች የቀረ ቃል

ልክና ስሌቱ የመምህሩ ሥራ ነው። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ግን በመጽሐፍ አይገኝም፤ በየትኛው ጥግ በክረምት ውኃ እንደሚቋጥር፣ የትኛው ምንጭ በበልግ እንደሚፈልቅ፣ የቀድሞው ጕድጓድ የት እንደ ተደፈነ የሚያስታውሱ እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ዶማ ከመነሣቱ በፊት መምህሩ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ከሁሉም ይልቅ ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በአንድነት ግቢውን ይዙሩ፤ የውኃው ቦታ፣ የቤቱ ቦታና የቦዩ ቦታ በወረቀት ይነደፍ፤ ወረቀቱም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይቀመጥ። ታንኩን የሠራው መምህር ወደ ሌላ አገር በተዛወረ ጊዜ፣ ተተኪው ቱቦው በየት እንደ ተቀበረ የሚያውቀው በዚያ ወረቀት ነው።

በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለሚመጣው የመጥረጊያ ወጪም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቂት ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ፤ ይጠረጋል ተብሎ ሳይጠረግ የቀረ ታንክ አተላውን ወደ ቦዩ ሰድዶ መሬቱን ይደፍነዋልና። ሥራው በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ማንም አያየውም፤ በላዩ ሣር ይበቅላል፤ ከግቢው በታች ያለው ምንጭም እንደ ቀድሞው ይቀዳል። የዚህ ሥራ ምስጋናው ይኸው ነው።